የጋሪ ሠሪው እግር

በቅሎዋ ድልድዩ አፍ ላይ ደርሳ ቀጥ አለች። ከወዲያ ማዶ ከድንበር የሚመለሰው ጦር መድፎቹን በፈረስ እያስጎተተ ወደ ድልድዩ ገብቷል፤ ድልድዩ ደግሞ ሁለት ጋሪ ጎን ለጎን አያሳልፍም። ልብስ ሰፊዋ ልጓሙን እንደጨበጠች ወደ ኋላዋ ዞረች። አማቷ፣ ሽማግሌው ጋሪ ሠሪ፣ ጋሪው ውስጥ ጭድ ላይ በጀርባቸው ተኝተው ሰማይ ሰማዩን ያያሉ። ቀኝ እግራቸው ለመንኰራኩር በተጠረቡ ሁለት ዘንጎች መካከል በአንሶላ ቅዳጅ ታስሯል። ቅዳጁ ከቤት ሲወጡ ነጭ ነበር። አሁን ከጉልበት በታች ጠቁሯል።

“አባባ፣ ጦሩ መንገዱን ዘጋው።”

“ታዲያ ይለፉ እንጂ። እነሱም ቤታቸው ናፍቋቸዋል።”

ዓይናቸውን ከሰማዩ ሳይነቅሉ፣ “ፊታቸውን እያየሽ ነው?” ብለው ጠየቁ።

“አላይም።”

“እኔም አንጋጥጬ የማየው ወድጄ አይደለም።”

የእሳቸው አንድ ልጅ፣ የእሷ ባል፣ በጦርነቱ መጀመሪያ በዚሁ ድልድይ ወጥቶ በዚያው ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ምራትና አማት በአንድ ጣራ ሥር አሉ። እሷ ወላጅ የላትም፤ እሳቸውም ሌላ ልጅ የላቸውም። ሰው “የልጅዎ ሚስት እስካሁን እርስዎ ዘንድ ናት?” ብሎ ሲጠይቃቸው፣ “የምን የልጄ ሚስት? ልጄ ናት እንጂ” ብለው አፉን ያስይዙታል።

ከፊት የሚጋልበው የመድፈኛ መቶ አለቃ የታሰረውን እግርና ከጋሪው ወለል የሚንጠባጠበውን ደም አየ። ምንም ሳይጠይቅ እጁን አንሥቶ ቀጣዩን መድፍ አስቆመ፤ ድልድዩ ላይ የነበረው እስኪወጣ ጠብቆም በራሱ እጅ የበቅሎዋን ልጓም ይዞ አሻገራቸው። ማዶ ሲደርሱ ቆቡን ነካ አድርጎ ተመለሰ። ሴትዮዋ አመሰግናለሁ ለማለት ቀና ስትል ፊቱን አየችው። ልጅ ነው፤ ጢሙ ገና ማቀምቀሙ ነው።

ያን ቀን ማለዳ ለአማቷ አንድ ነገር ልትነግራቸው ቆርጣ ነበር። ከወንዙ ማዶ የሚኖረው ሰዓት ሠሪ፣ ሚስቱ የሞተችበት ዝምተኛ ሰው፣ እናግባ ብሏታል። እሷም እሺ ልትለው ልቧ ካዘነበለ ሰንብቷል። ግን እንዴት ብላ? “ትቼዎት ልሄድ ነው” የሚለውን ቃል በየትኛው አፏ ታወጣዋለች? መርፌ ላይ ክር ስታስገባም፣ ሸሚዝ ስትጠቅምም ንግግሯን ስታሰናዳ ከረመች። በመጨረሻ ወገቧን ጠበቅ አድርጋ ወደ ሥራ ቤታቸው እያመራች ሳለ ነው የእንጨት መሰበር፣ ቀጥሎም አንድ አጭር የሰው ድምፅ የሰማችው። በጅምር ያለው ትልቁ ጋሪ ከድጋፉ ተንሸራትቶ ቅልጥማቸው ላይ ወድቆ ነበር።

የጦሩ ሆስፒታል ቀድሞ የሱፍ መጋዘን ነበር። አሁን ግድግዳው ኖራ ተቀብቶ፣ የብረት አልጋዎች በሁለት ረድፍ ተደርድረውበታል፤ ከበሩ ጀምሮ አፍንጫ የሚሰነፍጥ የመድኃኒት ውሃ ይሸታል። ቀዶ ሐኪሙ ቀጭን ረጅም ሻለቃ ነው። እጅጌውን እስከ ክንዱ ሰብስቦ እጁን በብሩሽ እየፈተገ ሲታጠብ ሴትዮዋ ‘ይኼ ሰው መቼ ሊጨርስ ነው?’ ብላ ተቁነጠነጠች። አጠገቡ የቆመችው ወፍራም ዋና አስታማሚ ግን በጥፍሮቹ ሥር ተመልክታ፣ “የግራው አውራ ጣት” አለችው። ሻለቃው ያለ ቃል ተመልሶ ፈተገ። በሽተኞቹ ይህችን ሴት “ጄኔራሏ” ይሏታል። ለምን እንደሆነ ልብስ ሰፊዋ እዚያው ገባት።

ሻለቃው ቅዳጁን ፈታ፤ ቁስሉን አየ፣ ጎንበስ ብሎ አሸተተ፣ የእግር ጣቶቹን አንድ በአንድ ተጫነ። ከዚያ በርጩማ ስቦ ከሽማግሌው ፊት ለፊት ተቀመጠ።

“ቅልጥምዎ ለሁለት ተሰብሯል፤ የላይኛው ጫፍ ቆዳዎን ቀዶ ወጥቷል።”

“አይቼዋለሁ፣ ጌታዬ። ያልተላገ እንጨት ይመስላል።”

“ማድረግ የምችለው ከሁለት አንዱን ነው። አንደኛው ከጉልበት በታች መቁረጥ ነው። እንደዚያ ካደረግሁ ይድናሉ ብዬ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። ሁለተኛው አጥንቱን ገጥሜ፣ ዝርግ ብረት ደርቤ በብሎን ማሰር ነው። ይህም ሲሳካ አይቻለሁ። ነገር ግን ቆዳ ተቀዶ አፈር የነካው አጥንት አይታመንም። ካመረቀዘ ከጉልበት በላይ እቆርጣለሁ። ከዘገየሁ ደግሞ መቁረጤም አይጠቅምዎት።” ድምፁን ዝቅ አደረገ። “በዚህ ጦርነት ብዙ እግር ቆርጫለሁ፣ አባቴ። ሜዳ ላይ ሌላ ማድረጊያ ጊዜ አልነበረም። እዚህ ጊዜ አለ። ጊዜ ስላለኝ ብቻ ግን በእርስዎ ነፍስ ልጫወት አልፈልግም፤ ለዚህ ነው የምጠይቅዎት።”

ሽማግሌው፣ “ብረቱን ላየው እችላለሁ?” አሉ።

ጄኔራሏ ከተቀቀለበት ዕቃ ውስጥ በመቆንጠጫ አንሥታ አሳየቻቸው። እጃቸውን ሲዘረጉ መቆንጠጫውን ከፍ አደረገች። “በዓይን ብቻ።”

“ብሎኑን ሲያስገቡ ከልክ በላይ እንዳያጠብቁት። እንጨት ሲሆን ይሰነጠቃል።”

“አጥንትም ይሰነጠቃል” አለ ሻለቃው። “የመጀመሪያውን የሰነጠቅሁ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።”

ሽማግሌው ይህ መልስ ደስ አላቸው። ወደ ምራታቸው ዞሩ። “አንቺ ምን ትያለሽ፣ ልጄ?”

“እግሩ የእርስዎ ነው፣ አባባ። እኔ ምን እላለሁ?”

“እግሩ የኔ ነው፤ የምታስታምሚው ግን አንቺ ነሽ።”

‘ይገጠም’ የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ነገር ግን ፈራችው። አንድ እግር ይዘው ሥራ ቤታቸው ደጃፍ ቢቀመጡ እሷ መቼም ወንዙን ተሻግራ ሰዓት ሠሪውን እንደማታገባ ታውቃለች። ታዲያ ይገጠም የምትለው ለእሳቸው ነው ወይስ ለራሷ? ልቧን መረመረች፤ ሁለቱም እዚያ አሉ፣ ተጠላልፈዋል፣ አንዱን ከአንዱ መለየት አቃታት። ሽማግሌው በትዕግሥት ይጠብቋታል። የአልጋውን ብረት ከጨበጡበት ኃይል የተነሣ የጣቶቻቸው አንጓ ነጥቷል፤ ፊታቸው ግን ዕቃ የሚመርጥ ሰው እንጂ ሥቃይ ላይ ያለ ሰው አይመስልም።

“ይገጠም” አለች።

ቀዶ ሕክምናው ሲካሄድ ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። በበሩ ሥር የክሎሮፎርሙ ጣፋጭ ሽታ ሾልኮ ወጣ። ለረጅም ጊዜ ከአጫጭር ትእዛዝና ከሳህን ኳኳታ በቀር የሚሰማ አልነበረም። በኋላ ግን ጆሮዋ የሚያውቀው ድምፅ መጣ፤ የእጅ መሰርሰሪያ ነው። አማቷ ማለዳ ማለዳ ሥራ ቤታቸው ውስጥ ሲሰረስሩ እሷ ማዕድ ቤት ሆና የምትሰማው፣ ‘ዛሬም ደህና አድረዋል’ የምትልበት ድምፅ። አሁን አጥንታቸው ውስጥ ነው የሚገባው። ተነሥታ እስከ ግቢው ጥግ ሄደችና ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ጄኔራሏ መጥታ ትከሻዋን እስክትነካት ድረስ ፊቷን አላዞረችም።

“አልቋል። አጥንቱ ገጥሟል። ነይ፣ አሁን የእኔና ያንቺ ሥራ ነው።”

እግሩ በጥጥ በተደለደለ የእንጨት ገንዳ ውስጥ ተጋድሟል። አስታማሚዋ በሽተኛው ሳይነቃ ለልብስ ሰፊዋ ትምህርት ሰጠቻት።

“ዛሬና ነገ ትኩሳት ቢኖረው አትደንግጪ። ሰውነት ሲቆረጥ ያማርራል፣ ወግ ነው። ከወረደ በኋላ ተመልሶ ከወጣ ግን የትም ብሆን ጥሪኝ። ጣቶቹን ዳስሺያቸው፤ ከቀዘቀዙ ወይ መልካቸው ከተለወጠ ጥሪኝ። ፋሻው ጠበበኝ ካለ ጥሪኝ። አፍንጫሽንም እመኚው፤ ደም ደም ይሸታል፣ የበሰበሰ ነገር ግን ሌላ ነው፣ አትስቺውም። ደግሞ ቀልድ ካቆመ ጥሪኝ።”

“ቀልድ?”

“አንዳንዱን ሰው ሕመም ሲገባው መጀመሪያ የሚወስድበት ቀልዱን ነው። ያንቺው ሰውዬ ከእነሱ ነው።”

ሽማግሌው ነቅተው የመጀመሪያ ቃላቸው፣ “ብሎኖቹ ተረፉ ወይስ በቁ?” የሚል ነበር። ሴትዮዋ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ተለወጠባት። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ትኩሳታቸው እንደተባለው ወጣ፣ እንደተባለውም ወረደ። እሷ የስፌት ሥራዋን አምጥታ አልጋቸው ሥር ትቀመጣለች፤ የወታደሮቹን አዝራር ትተክላለች። በየመሐሉ እጇን ብርድ ልብሱ ሥር አስገብታ ጣቶቻቸውን ትዳብሳለች። ባሏ በሕይወት እያለም፣ ከሞተም በኋላ፣ የአማቷን እግር ነክታ አታውቅም ነበር። አሁን የትኛው ጣት እንደሚጣመም፣ የትኛው ጥፍር በመዶሻ እንደተመታ፣ ተረከዛቸው የቱ ጋ እንደሚሻክር ታውቃለች። እሳቸው መጀመሪያ መጀመሪያ ያፍሩ ነበር። ኋላ ግን እጇ ሲዘገይ፣ “ዛሬ ጣቶቼን አልቆጠርሽም፤ አንዱ ኮብልሎ ይሆናል” ይሏት ጀመር።

አንድ ቀን ጠዋት ሾርባ ይዛ ቀረበች። “አባባ፣ ትንሽ ይቅመሱ።”

“እሺ” አሉ።

ሌላ ቃል አልጨመሩም። ስለ ሾርባው ቅጥነት፣ ስለ ማንኪያው ትልቀት፣ ስለ ወጥ ቤቱ ምንም አላሉም። እሺ ብቻ። ከአንድ ማንኪያ በኋላ ከንፈራቸውን ገጠሙ። ሳህኑን አስቀምጣ እጇን ግንባራቸው ላይ አኖረች። ያቃጥላል። ጣቶቻቸው ሞቅ ብለዋል፣ መልካቸውም አልተለወጠም፤ ወደ ፋሻው ጎንበስ ስትል ግን ያ ሌላ ነው የተባለው ሽታ በስሱ መጣላት። ሮጣ ጄኔራሏን ጠራች።

የሙቀት መለኪያው በብብታቸው ሥር ቆይቶ ሲወጣ አስታማሚዋ ወደ መስኮቱ አዙራ አየችው። ፋሻውን ፈታች። የቁስሉ ታችኛ ጫፍ አብጧል፣ ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል፣ ቅላቱም ወደ ጉልበት መውጣት ጀምሯል። ብሽሽታቸውን ስትዳስስ ንፍፊት አገኘች። ከኪሷ ሲረጥብ ሐምራዊ የሚጽፍ እርሳስ አውጥታ ጫፉን በምላሷ አረጠበችና በቅላቱ ዳርቻ ላይ ሐምራዊ መስመር አሰመረች።

ሻለቃው መጣ። እጁን ታጠበ፤ ጄኔራሏም እንደ ወትሮዋ ጥፍሩን አየች። ከታች በኩል ሁለቱን ስፌቶች ሲቆርጥ መግሉ ፈሰሰ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ጥርሳቸውን ነከሱ። ሐኪሙ ውስጡን በመድኃኒት ውሃ ደጋግሞ አጠበ፣ ቀጭን የጎማ ቱቦ አስገባ፣ ሳይሰፋም ሸፈነው። ከዚያ ሴትዮዋን ወደ በሩ ወሰዳት።

“መግሉን አስወጥቻለሁ። አጥንቱ ጋ ደርሶ እንደሆነ ግን ዛሬ አላውቅም። ቅላቱ ከመስመሩ አልፎ ወደ ጉልበት ከወጣ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ እቆርጣለሁ። ክፍሉ እንዲዘጋጅ አዝዣለሁ።”

“ጥፋቱ የኔ ነው። ይገጠም ያልኩት እኔ ነኝ።”

“የገጠምኩት ደግሞ እኔ” አለ ሻለቃው። “አሁን ስለ ጥፋት የምናወራበት ሰዓት አይደለም። ሄደሽ መስመሩን ጠብቂልኝ።”

ብርድ ልብሱን ከእግራቸው ላይ ገልጣ ተቀመጠች። ከሰዓት በኋላው ረዘመባት። ቅላቱን ትክ ብላ ስታየው የሚንቀሳቀስ ይመስላታል፤ ዓይኗን ጨፍና ስትገልጥ ያለበት ነው። ባሏ የሞተው ከዓይኗ ርቆ ነበር፤ ወሬው ሲደርሳት ሁሉም ነገር አልቆ ቆይቶ ነበር። የአሁኑ ግን ፊት ለፊቷ ነው፣ በቆዳ ላይ ተሰምሮ። ቀና ስትል ሽማግሌው ዓይናቸውን ገልጠው ያዩዋታል።

“ምን ያስለቅስሻል?”

“አባባ፣ ያን ዕለት ይገጠም ስል ለእርስዎ ብቻ አስቤ አልነበረም።”

“አውቃለሁ።”

“አያውቁም። እኔ…”

“ሰዓት ሠሪው” አሉ ሽማግሌው በደከመ ድምፅ።

ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

“ሰዓት ሳይኖራት ሰዓት ሠሪ ቤት የምትመላለስ ሴት አንቺን ብቻ ነው ያየሁት።” ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። “ያ የወደቀብኝ ጋሪ የማን ይመስልሻል?”

“የባለ ወፍጮው።”

“ባለ ወፍጮው ምን አዞ? ጋሪው ያንቺ ነው። የስፌት መኪናሽን በጀርባሽ አዝለሽ ድልድይ ልትሻገሪ ነበር?”

አጎንብሳ ግንባሯን እጃቸው ላይ አሳረፈች። እጃቸው ትኩስና ሻካራ ነው። በሌላኛው እጃቸው ፀጉሯን ነኩ፤ እንጨት ልስላሴውን እንደሚፈትሹት ቀስ አድርገው።

“ለምን አልነገሩኝም?” አለች።

“አንቺ እስክትነግሪኝ እየጠበቅሁ ነበር።”

“ልነግርዎት እየመጣሁ ነበር። ጋሪው ቀደመኝ።”

ደረታቸው ተንቀጠቀጠ። ሳል መስሏት ደንግጣ ቀና አለች። እየሳቁ ነበር። ያኔ ጄኔራሏ ስለ ቀልድ ያለችው ትዝ አላትና የተስፋ ነገር ልቧን ነካ አደረጋት፤ ነገር ግን ከዚያች ቅጽበት ደስታ ሰርቃ በኋላ እንዳትቀጣበት ፈርታ ዓይኗን ወደ መስመሩ መለሰች።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሻለቃውና አስታማሚዋ መጡ። መብራት አስጠግተው ሁለቱም ጎንበስ አሉ። ሻለቃው አንድ ጣቱን ከሐምራዊው መስመር በታች አስቀመጠ። ቅላቱ አልዘለለም፤ እንዲያውም ትንሽ፣ የጥፍር ስፋት ያህል፣ ወደ ታች ሸሽቷል። በመስመሩና በቅላቱ መካከል የተለመደው የአማቷ ጠይም ቆዳ ይታያል።

“መጋዙን መልሱት” አለ።

ጄኔራሏ መብራቱን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ስትወጣ ተጣድፋ ነበር፤ ልብስ ሰፊዋ ግን አፍንጫዋን በእጅጌዋ ስትጠርግ አየቻት።

በዚያ ቀን ሁሉም ነገር አላበቃም። ቱቦው በየጊዜው እያጠረ ለሳምንታት ቆየ። አንዲት የአጥንት ስንጣሪ በቁስሉ በኩል ወጣች። ሻለቃው አጥንቱ ከያዘ በኋላ ብረቱን ማውጣት እንደሚኖርበት፣ እግራቸውም በጣት ስፋት አጥሮ እንደሚቀር፣ እንደሚያነክሱም አስቀድሞ ነገራቸው። ሽማግሌው፣ “ለአንዱ ጫማ እንጨት እጨምርበታለሁ” ብለው ነገሩን ዘጉት። ትኩሳቱ ግን አልተመለሰም። ቁስሉ ከውስጥ ወደ ውጭ ቀይ ሥጋ እያበቀለ፣ ከዳር እየጠበበ መጣ፤ ኋላም አጥንቱ እንዳይንቀሳቀስ እግሩ በጀሶ ተሸፈነ።

ሰዓት ሠሪው ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ እስከ ሆስፒታሉ በር መጥቶ፣ ልብስ ሰፊዋን ስለ ሽማግሌው ጠይቆ ተመልሷል። ድፍረት አልነበረውም። በመጨረሻ አንድ የበሽተኛ መጠየቂያ ቀን ባርኔጣውን አውልቆ፣ ፀጉሩን በውሃ አስተኝቶ ክፍሉ በር ላይ ቆመ።

ሽማግሌው አዩት። ወዲያው፣ “ምርኩዞቼን አምጡልኝ” አሉ።

“ሻለቃው ከነገ በፊት መቆም የለም ብለውዎታል” አለች ጄኔራሏ።

“እሜቴ፣ ልጄን ሊለምን የመጣ ሰው ነው። ተኝቼ ልቀበለው?”

ሻለቃው ከወዲያኛው አልጋ ጋ ሆኖ ሰማ። መጥቶ ገንዳውን ራሱ አነሣ፣ በጀሶ የተሸፈነውን እግር ቀስ አድርጎ ወደ መሬት አወረደው። “ቀኙን ያስነኩት እንጂ እንዳይጫኑት። ሸክሙ በእኔና በእሷ ላይ ይሁን።” በአንድ በኩል እሱ፣ በሌላው በኩል ልብስ ሰፊዋ ብብታቸው ሥር ገቡ።

ተነሡ። መጀመሪያ ፊታቸው ነጣ፣ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። ከዚያ ወገባቸው ቀና አለ። ከአደጋው ወዲህ ቆመው ያየቻቸው ያኔ ነው፤ ረጅም ሰው መሆናቸውን ረስታው ነበር። በየአልጋው ያሉት ወታደሮች ወሬያቸውን አቋረጡ።

ሰዓት ሠሪው ያሰናዳው ንግግር ሁሉ ጠፋበት። ባርኔጣውን በእጁ ያዞራል።

“ቶሎ በል እንግዲህ፣ ብዙ አልቆምልህም” አሉት ሽማግሌው።

“አባቴ፣” አለ ሰውየው፣ “ልጅዎን እንዲሰጡኝ ነው የመጣሁት።”

ትከሻዋ ላይ ያረፈው ክንዳቸው እየከበዳት ነው። የቀኝ እግራቸው ጫፍ ብቻ ወለሉን ነክቷል፤ ግራው ግን አልታጠፈም። ሽማግሌው ሰውየውን ከራሱ እስከ ጫማው በዝግታ ተመለከቱት። ሰዓት ሠሪው ዓይኑን አልሰበረም።

“ሰጥቻለሁ” አሉ፣ ክፍሉ ሁሉ እንዲሰማ አድርገው።

ከዚያ ወደ ጆሮዋ ዘንበል ብለው፣ ለእሷ ብቻ፣ “አሁን አስቀምጪኝ፣ ልጄ” አሏት።